ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ያወጣው ሰው ስለ መቀነት እንጂ ስለ መኪና እንዳላሰበ ግልጽ ነው። ይሁንና ዕድሜዬን ሞተር ስፈታና ስገጥም፣ ከዚያም ጅማ ውስጥ ለወጣቶች ይህንኑ ሳስተምር ኖሬ ለሙያችን ከዚህ የሚሻል ሕግ አላገኘሁም። በችኮላ የታሰረ ብሎን አንድ ቀን መላቀቁ አይቀርም፤ የሚላቀቀውም መኪናው ቆሞ ሳለ ሳይሆን ሲበር ነው።

ሰሞኑን በዚሁ ነገር የተሟገትኩት ከወንድሜ ልጅ ጋር ነው። ሟቹ ወንድሜ በሰቃና በጅማ መካከል ሰው እያመላለሰ ቤተሰቡን ያስተዳደረባት አንዲት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ አለች። ልጁ ያደገው ከእሷ ሥር ተኝቶ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ጅማ ውስጥ በአንድ ቶርኖ ቤት ይሠራል፤ እጁም ከብዙ ነባር ባለሙያ እጅ የሚያንስ አይደለም። መኪናዋ ዘይት መጠጣትና ጭስ ማብዛት ስትጀምር ወደ እኔ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ መፈታቷ ካልቀረ ለምን አናጠነክራትም? የሜዳ መኪና እናድርጋት» አለኝ። በማግስቱ ደግሞ እናቱ ደወለች። «ወንድምዎ የተወልኝ እሷንና እሱን ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን እንዳያሳጡኝ፣ አደራ» አለችኝ። እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ቆምኩ።

ልጁ «ሜዳ» ያለው ምን እንደሆነ ላስረዳ። በአውሮፓም በጃፓንም ለመኪና እሽቅድምድም ተብለው የታጠሩ ሜዳዎች አሉ። ውድድር በሌለባቸው ቀናት ሰው ከፍሎ፣ የገዛ መኪናውን ይዞ ይገባና አቅሙና ሕጉ የፈቀደለትን ያህል ይነዳል። ዋንጫ የለም፤ አንደኛና ሁለተኛም የለም። ባንዲራ የያዙ ተቆጣጣሪዎች፣ እሳት አጥፊና አምቡላንስ ግን አሉ። ከሜዳዎቹ ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተው የጀርመኑ ኑርበርግሪንግ ነው። የሰሜኑ ዙር ርዝመቱ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር የወንድሜ ልጅ በቃሉ ይዞታል፤ የያዘበትም ምክንያት አለው። ከጅማ እስከ ሰቃ ያለው መንገድም ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ለማንኛውም መጀመሪያ ሞተሩን አወረድነው። መቼም ጋራዥ ገብቶ የጣሊያንኛ ቃል ሳይሰማ የሚወጣ የለም፤ ቴስታታ፣ ካሚሻ፣ ቢዬላ፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን እንላለን። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አድርጓት ነበር። የዚያን ጊዜ ካሚዮኖች አርጅተው ሄዱ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ። ልጁ ከአባቱ የወረሰው መኪናዋን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም ቃላት ነው።

የዲኤክሷ ሞተር ፎር ኬ የሚባለው ባለ አራት ፒስተኑ ነው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው 73 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አራቱ ተደምረው 1290 ሲሲ ይሆናሉ። ቴስታታውን አንስተን ጥፍራችንን በሲሊንደሩ አፍ ላይ ስናሳልፍ ያዝ አደረገው። ፋሻው በሚመላለስበት ሥፍራ ብረቱ ተበልቶ፣ ፋሻው የማይደርስበት የላይኛው ጠርዝ ብቻ እንደ ጥንቱ ቀርቷል ማለት ነው። መድኃኒቱ ሲሊንደሩን በግማሽ ሚሊ ሜትር ማስፋትና በዚያው ልክ ወፈር ያለ ፒስተን መግጠም ነው።

«ታዲያ ሰፋ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም?» አለኝ ልጁ ፊቱ በርቶ። ወረቀት አውጥተን አሰላነው። 75 የነበረው 75.5 ሲሆን ሞተሩ ከ1290 ወደ 1307 ሲሲ ያድጋል። አሥራ ሰባት ሲሲ! ለአራቱም ፒስተን ተደምሮ የአንድ ሲኒ ቡና ሩብ ገደማ መሆኑ ነው። ሁለታችንም ሳቅን።

የሞተር ጉልበት ምንጩ በዋናነት አየር ነው። ቤንዚን ያለ አየር አይነድምና፣ ብዙ አየር የሚስብ ሞተር ብዙ ቤንዚን ማንደድ ይችላል። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ወደብ ላይ መቶ የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እኛ ዘንድ ሰማንያ ገደማ ያወጣል። ካርቡራተሩ ለቆላ እንደተስተካከለ ከተተወም፣ ለሳሳው አየር ቤንዚኑ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ይተፋል። በአንጻሩ የሳሳ አየር ከፍ ያለ ኮምፕሬሽንን ሳይንኳኳ ይችላል። እንግዲህ ልጁ ቴስታታውን አስልጦ፣ ዘጠኝ ለአንድ ገደማ የነበረውን ኮምፕሬሽን አሥር ለአንድ ላድርሰው ሲል ያለ ነገር አልነበረም። ለዚህ ከእያንዳንዱ ሲሊንደር መቀነስ ያለበት ባዶ ቦታ አምስት ሲሲ እንኳ አይሞላም። ስሌቱ ትክክል ነው። በዚህ ላይ ሰፊ ካርቡራተር ጨምሮ ሞተሩ በደቂቃ 7000 ጊዜ እንዲዞር ፈለገ።

እኔ የጠየቅሁት ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ይህን ሁሉ የሚሸከመው ማን ነው?» አልኩት። ፒስተን ወደ ላይ ወጥቶ በቅጽበት ቆሞ ወደ ታች ሲመለስ ቢዬላውን ይጎትተዋል። ዙሩ ከ5000 ወደ 7000 ሲያድግ የጨመረው 40 በመቶ ነው፤ የቢዬላው ሸክም ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ያን ሸክም የሚይዙት የትንሽ ጣት ውፍረት እንኳ የሌላቸው ሁለት ብሎኖች ናቸው። አንዱ ሲለቅ ቢዬላው የሞተሩን ጎን በስቶ ይወጣል። ስለዚህ ሞተር የሚጠነክረው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ብሎኑ፣ የክራንክ ሻፍቱ ማረፊያና የዘይቱ ፖምፓ፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣው፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሹ። የፎር ኬ ብሎክ ብረት፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው። ሲሞቁ እኩል አያብጡም፤ ራዲያተሩ የተደፈነ መኪና ቴስታታው ቢጎብጥ አይደንቅም።

ልጁ በዚህ አልተከራከረኝም። ክራንክ ሻፍቱን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ልከን አስጠርበን አስመጣን። ፒስተኖቹንና ቢዬላዎቹን አንድ በአንድ እኩል ለማድረግ ሚዛን ሲያስፈልገን፣ ከአንድ ወርቅ ሠሪ ሚዛን ተዋስን። ባለ ሚዛኑ ፒስተን በወርቅ ቦታ ሲቀመጥ አይቶ ግራ ገባው። ልጁ ግን ከሁሉ ለቀለለው ፒስተን ሲል ሦስቱን ከውስጥ በኩል በስስ ሞረድ እየነካካ፣ እየመዘነ፣ ደግሞ እየነካካ አንድ ቀን ሙሉ ዋለ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ልጅ ለምን ይቸኩላል እላለሁ በልቤ።

የተጣላነው በፍሬኑ ጊዜ ነው። መኪና ከ60 ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲፈጥን፣ ፍሬኑ አጥፍቶ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት ሁለት እጥፍ ከሩብ ይሆናል። «ገንዘቡ ወይ ለካርቡራተሩ ወይ ለፍሬኑ ነው፤ ለሁለቱ አይበቃም» አልኩት። «ሌሊት ከሆነ እኮ የሰቃ መንገድ ባዶ ነው» ብሎ አመለጠው። ልቤ ቀጥ አለ። «ሜዳ» ሲል የነበረው ለካ ያንን ነው!

የሰቃን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የኑርበርግሪንግ መንገድ መኪና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድበት፣ ግራና ቀኙ በብረት የታጠረ ነው። የእኛ መንገድ ወደ ቦንጋና ወደ ሚዛን የሚያልፈው ሁሉ የሚገናኝበት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቡናው ሲደርስ ጆንያ የጫነች አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከለቀማ የሚመለሱ እናቶች፣ ደብተር የያዙ ሕፃናት ሁሉም የሚሄዱት በዚያው አስፋልት ዳር ነው። ሌሊትም ቢሆን ባዶ አይደለም። መብራት ሳያበራ የቆመ የጭነት መኪና አለ፤ ታማሚ ተሸክሞ ወደ ጅማ የሚገሠግሥ ጎረቤትም አለ። ይህን ሁሉ ዘረዘርኩለት።

ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ሙያውን ሰጡን፤ የት እንደምንሞክረው ግን ማን ነገረን?» አለኝ። መልስ አጣሁ። አያቶቻችን ፈረስ በገበያ መካከል አይጋልቡም ነበር፤ ለጉግስ ግን ሜዳ ነበራቸው። ወጣቱ መጋለብ እንደሚፈልግ ያውቁ ነበርና አልከለከሉትም፤ ሥፍራ ሰጡት እንጂ። እኛ ለኳስ ሜዳ አለን። ለሞተር ግን በጅማም በሰቃም አጥር ያለው አንድ ሥፍራ አላየሁም። ቦታ ያጣ ሙያ ደግሞ መንገድ ላይ ይፈስሳል።

ለነገሩ የኃይልና የጥንካሬን ልዩነት ለማየት አውሮፓ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1953 በምሥራቅ አፍሪካ የተጀመረው፣ በኋላ ሳፋሪ ራሊ የተባለው ውድድር እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። ኬንያዊው መካኒክ ጆጊንደር ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሸነፈው ሌላ ሰው ሲነዳው በነበረ አሮጌ ቮልቮ ነው። በ1974 እና በ1976 ደግሞ በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመው። በዚያ ጭቃና አቧራ ትልቁ ፈተና እስከ መጨረሻው ሳይሰበሩ መድረስ ነበር። ይህን ስነግረው የወንድሜ ልጅ፣ «ለእሱም እኮ መንገዱ ተዘጋጅቶለት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ነገሩ የአንድ ልጅና የአንድ ዲኤክስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን አሮጌ ሞተሮች ደጋግሞ ማደሱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። የሚያድሷቸው ደግሞ እነዚህ ወጣቶች ናቸው። አንድ ከተማ በዓመት አንድ ቀን አንድ ገላጣ ሥፍራ አጥሮ፣ አንድ አምቡላንስ አቁሞ፣ ፍሬኑና መሪው ያልተመረመረ መኪና አይገባም ቢል ምን ይጎዳል? ለዚያ ቀን ሲሉ ዓመቱን ሙሉ ፍሬን የሚሠሩ ልጆች እናፈራ ነበር።

በመጨረሻ ገንዘቡ ለፍሬኑ ሆነ። ካርቡራተሩም የጥንቱ ቀረ፤ ለጅማ አየር ግን አስተካከልነው። ሞተሩ ከተገጠመና ከሞቀ በኋላ የማስገቢያውን ቫልቭ ክፍተት በ0.20፣ የማስወጫውን በ0.30 ሚሊ ሜትር ልጁ ራሱ ለካ። የመጀመሪያውን ሺህ ኪሎ ሜትር አዲሱ ፋሻ ከሲሊንደሩ እስኪላመድ ሞተሩን ሳያስጨንቅ መሄድ ስላለበት፣ መጀመሪያ ያሳፈረው እናቱን ነው። ሰቃ ደርሰው ሲመለሱ፣ «ድምፁ ወንድምዎ እንደገዛት ሰሞን ሆነ» አለችኝ።

ቴስታታውን ግን እንዲስተካከል ያህል ብቻ አስነካነው፤ ከዚያ በላይ አላስላጥነውም። ልጁ የጎደለውን ባዶ ቦታ ስሌት በእርሳስ ጽፎ ከመሣሪያ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፎታል። ቅር እንዳለው አውቃለሁ። ቢሆንም ከብረት ላይ የተላጠ አይመለስም፤ ያልተላጠው ግን እንዳለ ነው። ሜዳው የተገኘ ዕለት የሚላጥ ውፍረት ገና አለው።