ቁልፉ ራሱ ሌባ ሲሆን

ዳንግላ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ወገቡን ይጨብጣል፣ ቀጥሎ ላቱን በእጁ ይመዝናል፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። የኋላ እግሩን ወደ ላይ አንስቶ አፍንጫውን የሚያይ ገዢ ግን ብዙም አያጋጥምም። ይህ ፍተሻ የሚሠራው ለአንድ በሽታ ነው። የታመመች በግ ጭንቅላቷ ወደ መሬት ሲዘቀዘቅ ሳንባዋ ውስጥ የተጠራቀመው አረፋማ ፈሳሽ በአፍንጫዋ ይወርዳል። ደቡብ አፍሪካውያን በአፍሪካንስ ቋንቋ «ያኽሲክቴ» ይሉታል፤ የማሳደድ በሽታ እንደማለት ነው። በጓ ቆማ እያለች ሰው ሲያባርራት እንደዋለ ታለከልካለች። ትኩሳት የላትም፣ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ከዚያ ትሞታለች።

በሽታው የሳንባ ካንሰር ነው። ያውም ከበግ ወደ በግ በትንፋሽና በፈሳሽ የሚተላለፍ ካንሰር፤ አምጪው ሬትሮቫይረስ ነው። ዓለም የሚያውቃት ዶሊ የሞተችው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በስኮትላንድ ሮዝሊን ኢንስቲትዩት የተወለደችው በግ በየካቲት 2003 ሳንባዋ ላይ ዕጢ ተገኝቶባት በመርፌ እንድትሞት ተደረገ። ወሬው ሁሉ «ክሎን ስለሆነች ቶሎ አረጀች» ነበር። ዕጢውን ያመጣው ግን ቫይረሱ ነበር፤ አብረዋት በነበሩ በጎች ላይም ታይቷል።

ከካንሰር አምጪ ሬትሮቫይረሶች የመጀመሪያው ዝነኛ በ1911 ፔይተን ራውስ ኒውዮርክ ውስጥ በዶሮ ላይ ያገኘው ነው። ያ ቫይረስ ከዶሮ ሴል የሰረቀውን የእድገት ጂን ተሸክሞ ይዞራል። ሌሎች ብዙዎች ደግሞ የራሳቸውን ጂን በሴሉ ዲኤንኤ መሃል ሲሰኩ አጠገቡ ያለውን የእድገት ጂን ይቀሰቅሳሉ። የበጉ ቫይረስ የተሰረቀ ጂን የለውም። ካንሰሩን የሚያመጣው ወደ ሴል የሚገባበት የራሱ ቁልፍ ነው።

ቁልፉ የቫይረሱ የላይ ልባስ ፕሮቲን ነው። በሩ ደግሞ በሴሉ ገጽ ላይ የተቀመጠ «ሃያል-2» የሚባል ሪሴፕተር (ስሙ ከእኛ «ኃያል» ጋር ዝምድና የለውም)። ይህ ሪሴፕተር በ2001 ተለየ። በ2003 የወጣ ሥራ በሰው የሳንባ ቱቦ ሴሎች ላይ እንዳሳየው፣ ሃያል-2 በደህናው ጊዜ «ሮን» የተባለ ሌላ ሪሴፕተር ይዞ እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል። ሮን የእድገት ትዕዛዝ ያስተላልፋል። የቫይረሱ ፕሮቲን መጥቶ ሃያል-2ን ሲይዘው ዘበኛው ታሰረ ማለት ነው፤ ሮን ተፈትቶ ሴሉን «ተባዛ» ማለት ይጀምራል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ያምር ነበር። ግን በ2005 ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን ብቻውን፣ ያለ ቫይረሱ፣ በአይጥ ሳንባ ውስጥ እንዲመረት ሲያደርጉ አይጦቹ የሳንባ ዕጢ አወጡ። የአይጥ ሃያል-2 ደግሞ ከዚህ ፕሮቲን ጋር በደንብ አይያያዝም። ስለዚህ ሌላ መንገድ አለ። የፕሮቲኑ ጅራት የሴሉን ገጽ በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጅራቱ ላይ ያለች አጭር ቁራጭ የሴሉን የእድገት መስመር ከውስጥ ታበራለች። በሩን የከፈተው ቁልፍ ቤቱ ውስጥ ገብቶ መብራቱን ለኮሰ እንደማለት። ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚያመዝን ሲከራከሩ ቆይተዋል፤ እንደ ሴሉ ዓይነት ይለያያል።

አዊ ምን አገባው? የዋሸራ በግ አገር ስለሆነ። ዳንግላ በግ፣ የአገው በግ የሚሉትም አሉ፤ አብዛኛው ቀንድ የለውም፣ ላቱ አጭርና ወፍራም ነው፣ መንታ በመውለድ ይታወቃል። ፋግታ ለኮማ ላይ ማሳውም ግጦሹም ለከሰል በሚተከለው ዲከረንስ እየተያዘ ባለበት ጊዜ፣ የቀሩት ጥቂት በጎች ለአንድ ቤት ማዳበሪያም፣ የልጅ ደብተርም፣ ድንገተኛ ሕክምናም ናቸው።

በሌላ በኩል አገሪቱ የበግ ዝርያ ለማሻሻል ከውጭ አውራ በግ ታስገባለች። ዶርፐር የመጣው ከደቡብ አፍሪካ፣ በሽታው በስሙ ከሚጠራበት አገር ነው። (የዶርፐር አንድ ወገን ቅድመ አያቱ ከሶማሌ ምድር የሄደው ጥቁር ራስ በግ ነው፤ የቤቱ ልጅ መመለሱ ነው።) ዝርያ ማሻሻል ክፉ አይደለም። ግን አይስላንድ በ1933 ከጀርመን 20 ካራኩል በጎች ስታስገባ ያኽሲክቴም «ማዲ» የሚባለው ሌላ ሬትሮቫይረስም አብረው ገቡ። አገሩ መንጋ በመንጋ አርዶ ያኽሲክቴን በ1952 አጠፋ፤ ማዲ ከዚያ በኋላም ዓመታት ፈጀ። ማዲ በኢትዮጵያ በጎች ላይ መኖሩ ደግሞ በ2002 በእንስሳት ሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ሩቅ የሚመስለው በር አንዴ ተከፍቷል።

«ይመረመራላ!» የሚል አይጠፋም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለብዙ በሽታ የምናምነው ምርመራ ደም ቀድቶ ፀረ እንግዳ አካል መፈለግ ነው። የበግ ዲኤንኤ ውስጥ ግን የዚህ ቫይረስ ጥንታዊ ዘመዶች ቅጂ በ20ዎቹ የሚቆጠር ተቀምጧል፤ ግልገሏ ገና በማህፀን ሳለች ስለምትለማመዳቸው ሰውነቷ ቫይረሱን እንደራሱ ይቆጥረዋል፣ ፀረ እንግዳ አካልም አያመርትም። ክትባትም የሌለው በከፊል ለዚህ ነው። (እነዚሁ ቅጂዎች ለእንግዴ ልጅ ማደግ አስፈላጊ ናቸው፤ ያለ እነሱ እርግዝናው ይጨናገፋል።) ስለዚህ ከውጭ በመጣ በግ የምስክር ወረቀት ላይ «ደሙ ነጻ ነው» ቢባል ለዚህ በሽታ ምንም አይናገርም። የደም ፒሲአር ብዙዎችን ያመልጣል። የሳንባ አልትራሳውንድ ይሻላል፤ እሱም ዕጢው ትንሽ ካደገ በኋላ ነው።

የቀረው ርካሹ መንገድ ሳንባውን ማየት ነው። አንድ በግ ሲያስል ኦክሲ ይወጋል፣ ካልዳነ ይታረዳል ወይ ይሸጣል፤ ሳንባው ለውሻ ይጣላል። የታመመው ሳንባ ከባድ፣ ግራጫና ጠጣር ነው፣ ሲቆረጥ አረፋ ያወጣል፤ ለማወቅ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፣ ለማረጋገጥ ግን ይጠይቃል። ለቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፎርማሊን የያዘች አንዲት ብልቃጥና ናሙናውን የሚቀበል ቢሮ ከውጭ ከሚመጣ ከአንድ አውራ በግ ዋጋ አይበልጡም።