ከጀበናው ሥር

ቤቴ መጥታችሁ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ያላያችሁ ደግሞ እንዳትስቁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ውስጥ 23 ጀበና፣ 4 እንስራና አንድ ማድጋ አለ። ባለቤቴ "የምኖረው ሾላ ገበያ ሸክላ ተራ ነው እንዴ?" ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ቡፌው ላይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ጠፍቷል።

ነገሩ የጀመረው ገርጂ ተከራይቼ ስኖር ነው። ጎረቤቴ የነበሩ እናት ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሲወጡ እንስራቸውን በር ላይ ትተውት ሊሄዱ ሆነ። "ልጄ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ቧንቧ አለ፤ እንስራ ምን ያደርግልኛል?" አሉኝ። እኔ ወሰድኩት። ጎኑ ላይ የማዘያው ገመድ የፈተገው ምልክት አለ። ስንት ዓመት ውሃ ተቀድቶበት ይሆን? ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ!

ጀበና ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። የኛ የአዲስ አበባው ከጎኑ መቅጃ አለው። የትግራይና የኤርትራው ግን መቅጃ የለውም፤ ቡናው በዚያው በአንገቱ ነው የሚቀዳው፣ አተላው እንዳይወርድም አፉ ላይ ማጥለያ ይወተፋል። የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፣ ያለ ማሽን፣ በእጃቸው። አፈሩን ተሸክመው አምጥተው፣ ፈጭተው፣ ነፍተው፣ አቡክተው፣ ቅርጽ አውጥተው፣ አድርቀው፣ ሜዳ ላይ በእሳት ይተኩሱታል። እኛ የምናውቀው ገዝተን ማሟሸቱን ብቻ ነው።

ባለፈው ለንደን የሚኖር የድሮ ተማሪዬ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሰውዬ ቢራውን ይዞ ተቀምጧል። ለካ ማንቆርቆሪያ ነው! "ቶቢ ጃግ" ይሉታል፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንግሊዝ አገር ስታፎርድሸር ውስጥ ሲሠራ የኖረ ነው። "ቲቸር፣ እዚህ አሮጌ ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች መጀመሪያ ገልብጠው ሥሩን ነው የሚያዩት፤ የሠሪው ስም ካለ እዚያ ነው" አለኝ። የዚያው አካባቢ ሰው የሆነው ዌጅውድ ስሙን ሸክላው ላይ ያትም ስለነበር ይኸው እስከ ዛሬ ይጠራል።

እኔም ተነስቼ 23ቱንም ገለበጥኳቸው። ምንም የለም። ጥላሸት ብቻ።

ለምን ስም የለውም ብዬ ሳስብ አንድ ቀን ትዝ አለኝና አፈርኩ። 2011 ዓ.ም. ነው፣ ታሪክ ክፍለ ጊዜ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው እንዳይሰድቡ አዋጅ ማስነገራቸውን ላስተምር አንድ ጀበና ይዤ ገባሁ። "ይህን ማን ሠራው?" ስል ከኋላ አንዱ "ቡዳ!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔስ? ዝም በሉ አልኩ፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈገግ ብያለሁ። ስለ አዋጁ እያስተማርኩ!

ደወል ሲደወል አንዲት ዝምተኛ ልጅ ጠጋ ብላ፣ "ቲቸር፣ አያቴ ቀጨኔ ሸክላ ነው የምትሠራው። ለማንም እንዳይነገርብኝ" አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ሲገባኝ "ችግር የለም" ብዬ ሸኘኋት። ችግሩ እኮ እኔው ነበርኩ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አስፈቅጃት ነው። ባለፈው ሳምንት ደውዬ፣ ያኔ ያላልኩትን ይቅርታ አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ቲቸር፣ እኔ እኮ ሳቁን ለምጄው ነበር። የነገርኩት ጀበናውን በሁለት እጅ ይዘኸው ስላየሁ ነው" አለችኝ። ቅዳሜ ዕለት መገናኛ ተገናኘን። አያቷ እጃቸው አልታዘዝ ስላላቸው ሥራውን ትተዋል። ከመጨረሻዎቹ አንዱን በፌስታል ጠቅልላ አመጣችልኝ። 24ኛው ጀበና።

የአያቷን ስም ከነአባታቸው በወረቀት ጽፌ ከማቶቱ ሥር አስቀምጫለሁ። እዚህ አልጽፈውም፤ ፌስቡክ ላይ ይውጣልኝ አላሉኝም። የቀሩት 23ቱ ግን ያው ባዶ ናቸው፤ ስገዛቸው ዋጋ ስከራከር ነበር እንጂ ስም አልጠየቅኩም።

እና ልለምናችሁ። ሾላም ሆነ ቀጨኔ ጀበና ስትገዙ፣ "ይቀንሱልኝ" ከማለታችሁ በፊት "እማማ፣ ማን ልበልዎት?" በሏቸው። የድሮ ተማሪዎቼ፣ በተለይ እናንተ የዚያን ቀን የሳቃችሁ፣ ይህች የቤት ሥራ ናት። እኔም ተማሪያችሁ ሆኜ እየሠራኋት ነው።