አጎቴና «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

ዛሬ ስለ እናቴ ታናሽ ወንድም ላጫውታችሁ።

አጎቴ ደሴ ተወልዶ፣ ባሕር የሚባል ነገር ሳያይ ያደገ ሰው ነው። በ1981 ዓ.ም. ክረምት ለባሕር ኃይል ተመልምሎ ምጽዋ ወረደ። አገልግሎቱ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። የተመደበው «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ነበር።

ልጆች ሳለን፣ «መርከቧ ዱሮ የአሜሪካ ነበረች፤ ሥራዋ አውሮፕላን ማገልገል ነው፤ አውሮፕላኑም ባሕሩ ላይ ያርፋል» ይለን ነበር። አንድ የዒድ ቀን እንግዳ በተሰበሰበበት ይህንኑ ሲያወራ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩና፣ «አጎቴ፣ አውሮፕላን ውሃ ላይ ካረፈማ ይሰጥማል፤ ውሸት ነው!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስለ መርከቧ አንዲት ቃል ሲናገር አልሰማሁም። የሰፈር ልጆች «መርከቤ» እያሉ ሲጠሩት ዝም ብሎ ያልፋቸዋል።

መምህራን ኮሌጅ ገብቼ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ጦር መርከቦች የሚያወራ መጽሐፍ ስገልጥ አገኘኋት። የተሠራችው አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ባሕር ላይ ስትወርድ ስሟ «ኦርካ» ይባል ነበር። ርዝመቷ 94 ሜትር ይሆናል። ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ ታቀርባለች፣ ትጠግናቸዋለች፣ አብራሪዎቻቸውን ታሳድራለች። ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት ፊሊፒንስ ድረስ ዘምታለች። እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ የእኛም ባሕረኞች ሠለጠኑባት። አጎቴ አንዲት ቃል አልጨመረም ነበር። መጽሐፉን ከድኜ ፊቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ለዒድ ቤት ስገባ ብቻውን አገኘሁትና «አውፍ በለኝ» አልኩት። በምን ምክንያት እንደሆነ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «አስታውሰኸዋል?» አለኝ። እሱ አልረሳውም ነበር ማለት ነው።

ያን ምሽት ብዙ አወራን። እኔን የገረመኝ የሰላቱ ነገር ነው። መድረሳ ሳለሁ ሸሆቼ፣ መርከብ ላይ የሚሰግድ ሰው መርከቧ ስትዞር እሱም ወደ ቂብላ ይዞራል ብለው አስቀርተውኛል። ወሎ ተቀምጦ ማን መርከብ ላይ ይሰግዳል ብዬ በልቤ እንደቀለድኩ አልደብቃችሁም። አጎቴ ግን ኖሮበታል። ሞተር ክፍሉ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው፤ መስኮት የለው፣ ሰማይ አይታይ። ከመውጣቱ በፊት መሪ የሚይዘውን ጎንደሬ ክርስቲያን ጓደኛውን «ሰሜን ወዴት ነው?» ይለዋል። እሱም አለቆች እንዳያዩት በአገጩ ይጠቁመዋል። ደሴ ላይ ሰሜንን ያገኘ መካን አገኘ ማለት ነው፤ ምጽዋም ላይ እንደዚያው ነው። ዘመኑ ደርግ ስለነበር የሚሰግደው ከገመድ ክምር ጀርባ ተሸሽጎ ነው። አንዳንዴ ሁለተኛው ረከዓ ላይ ሳለ መርከቧ ትታጠፋለች፤ እሱም አብሮ ይዞራል። «ጓደኛዬ ኋላ ላይ እኔ ስሰግድ መታጠፊያውን ቀስ ያደርግልኝ ጀመር» አለኝ። ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ከተያዘች ወዲህ ወደዚያ መመለስ አልቻሉም። በግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ መርከቧ ወደ የመን ሸሸች። ጓደኛው እዚያው ከስደተኛ ጋር ተለይቶት ቀረ፤ እስከዛሬ ወሬው የለም። አጎቴ ባዶ እጁን፣ በሌላ ሰው ሸሚዝ ቤቱ ገባ።

«መጽሐፉ አሁን የት ናት ይላል?» ሲል ጠየቀኝ። የመን ወደብ ላይ ቆማ ትኖራለች ብሎ ያስብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረታ ብረት ተሸጣ እንደተቆራረጠች ነገርኩት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ሞተሩንም?» አለኝ።

«ሞተሩንም» አልኩት። ዒሻ አዛን ሲል ተነስተን አብረን ወጣን።