ሃያ ሁለት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ትልቁ ኳስ

ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ሲወርዱ፣ ባቡሩ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጂም አለ። ሊፍቱ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ደረጃው የማይከፈልበት ማሟሟቂያ ነው። ከምድር ቤቱ የትኩስ ዳቦና የማኪያቶ ሽታ ተከትሎ ይወጣል፤ ሆድ ለመቀነስ ለመጣ ሰው ይኸም አንድ ፈተና ነው። ከነርስነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሦስት ጠዋት እሄዳለሁ።

በዚያ ሰዓት ቤቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው። በመስኮቱ በኩል የተደረደሩትን ትልልቅ የጎማ ኳሶች እንሻማለን። ኳሱን በ1963 እ.ኤ.አ. የሠራው ጣሊያናዊው የፕላስቲክ አምራች አኩሊኖ ኮሳኒ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ እንደ ሱዛነ ክላይን-ፎግልባኽ ያሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ለሕክምና ተጠቀሙበት፤ «የስዊዝ ኳስ» መባሉም ከዚያ ነው። የሕክምና ዕቃ እንደነበረ ግን ሰው ይረሳል። ሁለት ሳምንት የሠራ ሁሉ ክብደት ይጨመርልኝ ይላል።

ወገብን ኳሱ ላይ አሳርፎ፣ ተንጋሎ፣ ትከሻን ቀና ማድረግ ሲለመድ ያለ ብረትም ይከብዳል። ተራርቆ የነበረውን እግር ማቀራረብ አንድ ነው። ደረት ላይ የተጣመረውን እጅ ከራስ በላይ መዘርጋት ከዚያ ይብሳል። እስከ አራት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ መውረድም አለ፤ እኔ ከሁሉ ይህን እወዳለሁ። ይህን ሁሉ አሥራ ሁለት ጊዜ ሳይንቀጠቀጥ የሚሠራ ሰው ውኃ የሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ደረቱ ላይ ይያዝ። ግማሽ ኪሎ ማለት ነው፤ ለጀማሪ ይበቃል። ሲነሡ ትንፋሽ ማስወጣት ነው። ትንፋሹን ካልያዘ መነሣት የማይችል ሰው ክብደቱ በዝቶበታል፤ ትንፋሽ አምቆ መታገል ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። አጥንታቸው የሳሳ እናቶችና አባቶች ደግሞ ክብደት ይዞ ወገብ ማጠፍ ይቅርባቸው፣ አከርካሪን ሊሰብር ይችላል። ኳሱን ግድግዳ አስደግፈው ቀጥ ብለው ይቀመጡና እግራቸውን ተራ በተራ ያንሡ።

ባለፈው ወር በእኔ ዕድሜ ያሉ አንድ እናት ከወለደች አራት ወር የሆናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ አለባቸው። አሠልጣኙ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን አምስት ኪሎ ብረት ደረቷ ላይ አስይዟታል።

«ሲስተር፣ ካልከበደው እኮ ሆዱ አይጠፋም» አለኝ።

የሆድ ስፖርት ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ከሆድ ላይ ብቻ ስብ መርጦ አያቀልጥም። ልጅቷን ምንጣፍ ላይ አስተኝቼ ራሷን ብቻ ቀና እንድታደርግ ነገርኳት። ከእምብርቷ በላይ መሐል ለመሐል እንደ ሸንተረር ብቅ አለ፤ በጣቴ ስለካው ክፍተቱ ከሁለት ጣት ይሰፋል። በእርግዝና የተራራቀው የሆድ ጡንቻ ገና አልተጠጋም። አሠልጣኙም እጁን አስገብቶ እንዲያይ አደረግሁ፤ ዝም አለ። ብረቱ ቀርቶ ፊዚዮቴራፒ እንድትታይ፣ እስከዚያ ተኝታ ትንፋሽ እያስወጣች ሆዷን ቀስ ብላ ወደ ውስጥ እንድትሰበስብ ተስማማን።

እናትየው ብረቱን አንሥተው መዘኑትና «የልጅ ልጄ ከዚህ ይከብዳል፣ እሱን ቀኑን ሙሉ ታነሣ የለም እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከአልጋ ስትነሣ መጀመሪያ በጎኗ ትዙር፣ በእጇ ተደግፋ ትቀመጥ፣ ልጁን ከዚያ በኋላ እርስዎ ያቀብሏት አልኳቸው።