ታጣፊው የፎቶግራፍ መኪናና የድሬስደን ከተማ

ከአባቱ ወይም ከአያቱ ሣጥን ውስጥ በጥቁር ቆዳ የተሸፈነ፥ ሲዘጋ እንደ ዳዊት መጽሐፍ ጠፍጣፋ የሆነ፥ ቁልፉን ሲጫኑት ግን ፊቱ ተከፍቶ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋ የፎቶግራፍ መኪና ያገኘ ሰው ቢኖር፥ ይህ ጽሕፈት ለእርሱ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ለጌጥ ከመደርደሪያ ላይ ያኖረዋል፤ ወይም ልጆች ይጫወቱበት ዘንድ ይሰጣቸዋል። ዕቃው ግን ገና አልሞተም። ባትሪ አይፈልግም፤ ፊልሙም እስከ ዛሬ ይሠራል። እኔም አንዱን ይዤ ወደ ተሠራበት ከተማ፥ በጀርመን አገር በሳክሶኒያ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ድሬስደን ሄጄ፥ ዕቃውንና አገሩን ባንድነት ለማወቅ ስለ ፈለግሁ፥ ያየሁትንና የተማርሁትን እነሆ እጽፋለሁ። ከዚህ በታች የሚጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

መኪናው ስሙ ኤርኮና ይባላል፤ ከ1949 ገደማ ጀምሮ የተሠራ ነው። የሚያነሣው ሥዕል 6 ሳንቲሜትር በ9 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፥ ባንድ ጥቅል ፊልም የሚነሡት ስምንት ሥዕሎች ብቻ ናቸው። የፊልሙ ጥቅል 120 በሚባል ቍጥር ይታወቃል። ይህን ጥቅል ኮዳክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1901 አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ወርዱ ስላልተለወጠ፥ ያረጀው መኪና ዛሬ ከፋብሪካ የወጣውን ፊልም ያለ ችግር ይቀበላል። እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ይህን ቍጥር ይጠይቅ። ከኮዳክ ታጣፊ መኪናዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት 620 በሚባለው ጥቅል ነውና፤ የዚያም ጥቅል ሥራ በ1995 ቀርቷል።

ሁለተኛው መጠየቅ የሚገባው የወናፉ ነገር ነው። ወናፉ ከመስተዋቱ እስከ ፊልሙ ያለውን ጨለማ የሚጠብቅ ስለ ሆነ፥ በማጠፊያው ማዕዘን ላይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቢገኝበት ሥዕሉ ሁሉ ይበላሻል። ለመመርመር ቀላል ነው፤ ሌሊት በጨለማ ክፍል ውስጥ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ትንሽ መብራት ወደ ውስጥ ማስገባትና ወናፉን በውጭ ዞሮ ማየት ነው። የእኔው እንደ ምሽት ሰማይ ሦስት ከዋክብት አሳየኝ፤ በጥቁር ቀለምና በሙጫ ተደፈኑ። መነጽሩ ግን ነቀፋ አልነበረበትም። እርሱም ቴሳር የሚባለው፥ ጳውል ሩዶልፍ የተባለ ሊቅ በ1902 በዬና ከተማ በሚገኘው በዛይስ ፋብሪካ ያወጣው፥ በአራት ብርጭቆ የተሠራ መነጽር ነው። አራት ብርጭቆ ብቻ መሆኑ ዛሬ ከሚሠሩት ጋር ሲያስተያዩት ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ፊልሙ ሰፊ ስለ ሆነ ብዙ አይጠየቅም። በተለመደው ትንሽ ፊልም ላይ የሚወጣው ሥዕል 24 ሚሊሜትር በ36 ሚሊሜትር ነው፤ የዚህኛው ስፋት ከዚያ አምስት እጥፍ ይበልጣል።

በድሬስደን በመጀመሪያ የሚሄዱበት ቦታ ከኤልብ ወንዝ ዳር ያለው የብሩል ሰገነት ነው። በቀድሞ ጊዜ የአንድ መኰንን የግል አትክልት ነበረ፤ በ1814 ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ ላይ ሆነው ሲመለከቱ ወንዙ በድልድዮቹ ሥር ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ ከማዶ የአዲሱ ከተማ ክፍል ጣራዎች ይታያሉ። ሰው ሁሉ የኪስ ስልኩን አውጥቶ ባንድ ትንፋሽ አሥርና ሃያ ሥዕል ያነሣል። ስምንት ብቻ ያለው ሰው ግን መቀመጫ ይፈልጋል። የዚህ መኪና የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይመስለኛል፤ አያስቸኩልም፥ ቢቸኩሉበትም አይታዘዝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊቱን ሲከፍቱ በእጅ ደግፎ ቀስ ማድረግ ይገባል፤ ወናፉ በድንገት ሲዘረጋ አየር ስለሚስብ፥ ተወጥሮ የተኛውን ፊልም ወደ ፊት ሊያጐብጠው ይችላል። ስለዚህም ዐዋቂዎች መኪናውን አስቀድመው ይከፍቱና ፊልሙን ከዚያ በኋላ ያሽከረክራሉ። ቀጥሎ የርቀቱን መጠን በዓይን ገምቶ ወይም በእርምጃ ለክቶ የመነጽሩን ፊት በሜትር ቍጥር ላይ ማዞር ነው። የብርሃኑን ቀዳዳ 11 ላይ፥ ርቀቱን 15 ሜትር ላይ ያደረገ ሰው፥ ከ8 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣለታል፤ ለወንዝና ለሕንፃ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ብርሃንን ለመመዘን ደግሞ አሮጌው ሕግ ይበቃል። በጠራ ፀሐይ ፍጥነቱ 100 የሆነ ፊልም ቀዳዳው 16 ላይ ሲሆን ከሴኮንድ አንድ መቶኛ ይበቃዋል፤ ደመና ሲመጣ ቀዳዳውን ማስፋት ነው። በመጨረሻ መዝጊያውን በትንሿ ዘንግ ወጥሮ መልቀቅ። ድምፁ እጅግ ትንሽ ነው፤ አጠገብ የቆመ ሰው እንኳ ላይሰማው ይችላል።

በጀርባው ያለችው ቀይ መስኮትም የራስዋ ታሪክ አላት። ፊልሙ ከጀርባው ወረቀት አብሮት ይጠቀለላል፤ በወረቀቱም ላይ ከ1 እስከ 8 ቍጥር ተጽፏል። ሰውዬው በቀዩዋ መስኮት እያየ ቍጥሩ መካከል ላይ ሲደርስ ማሽከርከሩን ያቆማል። መስኮቲቱ ቀይ የሆነችው የቀድሞው ፊልም ለቀይ ብርሃን ዕውር ስለ ነበረ ነው። የዛሬው ፊልም ግን ቀዩንም ያያል፤ ስለዚህ መስኮቲቱን በክዳንዋ መሸፈን፥ ቍጥሩንም ከፀሐይ ዞር ብሎ በጥላ ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ያላወቁ ሰዎች ፊልማቸው መካከሉ ላይ ጠቃቅሶ ሲወጣ ዕቃው አርጅቷል ብለው ይጥሉታል።

ከሰገነቱ ጥቂት እርምጃ ወረድ ሲሉ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ትልቁ ሕንፃ ይገኛል። ከ1726 እስከ 1743 ተሠራ። የካቲት 1945 ከ13 እስከ 15 ቀን የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማዪቱን በእሳት ባጠፉ ጊዜ፥ በሦስተኛው ቀን ጕልላቱ ከነግንቡ ወደቀ። በከተማዪቱ የሞተውን ሰው ቍጥር የመረመሩት የታሪክ ሊቃውንት በ2010 ባወጡት ቃል እስከ 25,000 ይደርሳል ብለዋል። ፍርስራሹ ብዙ ዘመን እንደ ወደቀ ተቀመጠ፤ በኋላም እንደ ገና ተሠርቶ በጥቅምት ወር 2005 ተመረቀ። ከፍርስራሹ የተለቀሙት አሮጌ ድንጋዮች በአዲሱ ግድግዳ ውስጥ ተመልሰው ገብተዋል፤ የዚያ አገር አሸዋ ድንጋይ ዕድሜ ሲያገኝ ስለሚጠቍር፥ አዲሱ ነጣ ብሎ፥ አሮጌው ጠቍሮ በግልጥ ይለያል። ጥቁርና ነጭ ፊልም የጫነ ሰው እንደዚህ ያለ ግድግዳ ሁልጊዜ አያገኝም። እኔ ከስምንቱ ሁለቱን በዚያ አወጣሁ።

የዚህችን ከተማ ውድቀት ዓለም ያወቀው በፎቶግራፍ ነው። ሪካርድ ፔተር የተባለ የከተማዪቱ ፎቶግራፍ አንሺ መኪናዎቹና የቀድሞ ሥራዎቹ በቃጠሎው ጠፍተውበት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ወጣ፤ እዚያ ያለውን የድንጋይ ሐውልት ከፊት አድርጎ፥ በስተ ኋላው ጣራ የሌላቸውን ቤቶች እስከ አድማስ ድረስ አነሣ። ሐውልቱ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ የጠፋውን ከተማ የሚያሳይ ይመስላል። ሥዕሉን ያየ ሰው አይረሳውም።

መኪናዬ የተወለደበትን ሰፈር ለማየት ግን ወደ ምሥራቅ፥ ሽትሪሰን ወደሚባለው ክፍል በከተማ ባቡር መሄድ ይገባል። እዚያ 48 ሜትር ቁመት ያለው የኤርነማን ግንብ ቆሟል። ሄንሪኽ ኤርነማን በ1889 የጀመረው የፎቶግራፍ መኪና ሥራ አድጎ ይህን ሕንፃ አሠራ፤ ግንቡም በ1923 ተፈጸመ። ከዚያ በ1926 በድሬስደን ያሉት ኢካና ኤርነማን፥ የበርሊኑ ጎርትስ፥ የሽቱትጋርቱም ኮንቴሳ ኔተል ተባብረው ዛይስ ኢኮን የሚባል ትልቅ ኩባንያ ሆኑ፤ ዋና መቀመጫውም ድሬስደን ነበረ። ዛሬ ሕንፃው የከተማዪቱ የቴክኒክ ሙዚየም ነው። ኤርኮናም ከነአባቶቹ በመስተዋት ውስጥ ተደርድሮ ይታያል ብዬ አስቤ ነበር፤ በእርግጥ ግን ዓይኔን የያዘው የመኪናዎቹ ነገር ሳይሆን የሰዎቹ ነገር ሆነ።

የዚያ ኩባንያ ዋና ሹም ከነበሩት አንዱ አማኑኤል ጎልድበርግ ይባላሉ፤ በሞስኮ የተወለዱ አይሁዳዊ ሊቅ ናቸው። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ፥ በ1933፥ ወታደሮቻቸው ከሥራ ቦታቸው አፍነው ወሰዷቸው፤ ሥራቸውንም እንዲለቁ አስገደዷቸው። ወደ ፓሪስ ሸሹ፤ በ1937 ወደ ፍልስጥኤም ምድር ሄደው በቴል አቪቭ የመሣሪያ ሥራ ቤት አቋቋሙ፤ እስከ 1970 ኖሩ። እርሳቸው ቢያመልጡም ያላመለጡት ብዙዎች ናቸው። በኅዳር ወር 1942 በድሬስደን የቀሩት አይሁድ፥ ሦስት መቶ ያህል ሰዎች፥ ሄለርቤርግ በሚባል ሰፈር ተከተው፥ በዚያው ኩባንያ በአንዱ ፋብሪካ የጦር መሣሪያ ክፍል እንዲሠሩ ተገደዱ። በመጋቢት 1943 መጀመሪያ አብዛኞቹ ወደ አውሽቪትስ ተላኩ። ወደ ሰፈሩ የገቡበት ቀን በሲኒማ ፊልም ተነሥቶ ነበር፤ ፊልሙም አልጠፋም። ሻንጣቸውን ይዘው ሲወርዱ ይታያሉ። ፎቶግራፍ ማንሣት ሁልጊዜ የፍቅር ሥራ ይመስለን ነበር፤ እንዲህም ያለ አለ።

ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን ለሁለት ስትከፈል ኩባንያውም ተከፈለ። በምዕራብ በሽቱትጋርት፥ በምሥራቅ በድሬስደን፥ ሁለቱም ዛይስ ኢኮን ነን አሉ። ከጦርነቱ በፊት ኢኮንታ ይባል የነበረው ታጣፊ መኪና በሽቱትጋርት በስሙ ሲቀጥል፥ በድሬስደን ኤርኮና ተባለ። ጐን ለጐን ያስቀመጣቸው ሰው ወንድማማች መሆናቸውን ወዲያው ያውቃል። በስሙ ላይ የተነሣው ክርክር እየበረታ ሲሄድ፥ የድሬስደን ሠራተኞች ያንኑ የኤርነማንን ግንብ ምልክት አድርገው በመኪናዎቻቸው ላይ ያትሙት ጀመር፤ ኩባንያውም በመጨረሻ ፔንታኮን ተባለ። የምዕራቡ በ1972 የፎቶግራፍ መኪና መሥራት አቆመ፤ የምሥራቁም ጀርመን እንደ ገና አንድ ስትሆን በ1990 እንዲዘጋ ተወሰነ። እኔ ግን የማደንቀው ይህን ነው፤ ከተማዪቱ ከተቃጠለች አራት ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ገና ፍርስራሹ ከመንገድ ሳይነሣ፥ ቤተሰብ የልጆቹን መልክ የሚያነሣበት ዕቃ ከዚያ መውጣቱ።

ከግንቡ ውጭ ሰባተኛውን ሥዕል ለማንሣት መኪናውን ስከፍት፥ ከልጅ ልጃቸው ጋር ያልፉ የነበሩ አንዲት ባልቴት ቆሙ። እናታቸው እንዲህ ያለ እንደ ነበራቸው ነገሩኝ፤ ፈቃድ ጠይቀውም በእጃቸው ያዙት፥ ዘንጉን ወጥረው የመዝጊያውን ድምፅ በጆሮአቸው አዳመጡ። ፊልሙ ስላልተሽከረከረ ምንም እንዳይበላሽ መኪናውን ወደ መሬት ደፍተው መስኮቱን በመዳፋቸው ከደኑ፤ ልማዱን ከእናታቸው የተማሩ መሆናቸው ታወቀኝ። እኔም፦ «እመቤቴ፥ ሥዕልዎን ላንሣ ይፈቅዳሉ?» ብዬ ለመንኋቸው፤ ልጁን ወደ ፊት ገፋ አድርገው፥ ነጠላ መሳይ የአንገት ልብሳቸውን አቀኑ።

ቤተሰብን በዚህ መኪና ለማንሣት የሚወድ ሰው ከሦስት ሜትር አይቅረብ፤ በእርምጃም ይለካ እንጂ በግምት አይመን። ርቀቱ ሲያጥር የሚጠራው ክፍል እጅግ ይጠባልና። ደግሞ የሚታይበት ትንሹ መስኮት ከመነጽሩ በላይ ስለ ሆነ፥ ከራስ በላይ ጥቂት ቦታ መተው ይገባል፤ ያለዚያ ጠጕር ይቈረጣል። ፀሐይ ከፊት ሆና ዓይን ከምታስጨፍን ይልቅ ጥላ ይሻላል። ብርሃኑ መሽቶ ስለ ነበረ መዝጊያውን ከሴኮንድ ሃምሳኛ ላይ አደረግሁ፤ መኪናውን ከደረቴ አስጠግቼ፥ ትንፋሼን ይዤ ለቀቅሁት።

ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ ስምንቱም ወጥተው ነበር። ሥዕሉ ሰፊ ስለ ሆነ ማጕያ መሣሪያ ሳያስፈልግ ፊልሙን በወረቀቱ ላይ አስተኝቶ ማተም ይቻላል፤ የቀድሞ ቤተሰቦች የአልበም ሥዕል አብዛኛው እንዲህ የታተመ ነው። በሰባተኛው ላይ የግንቡን መስኮቶች በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ መቍጠር ይቻላል። በስምንተኛው ልጁ ራሱን አዙሮ ስለ ነበረ ፊቱ እንደ ጢስ ሆኗል፤ የአያቱ እጅ ግን በትከሻው ላይ፥ የቀለበታቸው ቅርጽ ሳይቀር፥ ጥርት ብሎ ይታያል። ሁለት ቅጂ አትሜ በሰጡኝ አድራሻ በፖስታ ላክሁላቸው።