ድራይቩን እንዳትነካካው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሚኪዬ፤

የፎርት ላውደርዴል ሙቀት እንደምታውቀው ነው፤ ሥራውም አላለቀም።

የላክልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ጀልባዋ ታምራለች፣ አልዋሽህም። ግን ከኋላህ ሆኖ «28 ፒች ፕሮፔለር ግጠምባት፣ ድራይቩን ከፍ አድርገው፣ 90 ማይል ትገባለች» የሚልህን ሰው ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። በስልክ ብነግርህ «እሺ ወንድም ጋሼ» ብለህ ታልፈኛለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ተቀመጥና አንብበው፣ በሞቴ።

ያለህን ነገር እንየው። 28 ጫማ ጀልባ፣ 425 የፈረስ ጉልበት ያለው 496 ኤችኦ ሞተር፣ ከኋላው ባለ አንድ ፕሮፔለሩ ብራቮ ዋን ድራይቭ። ለላኒየር ሐይቅ ምን ጎደለህ? ወደ ብራቮ ስሪ ቀይር ያለህንም ተወው። የእሱ ሁለት ፕሮፔለሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞሩ ከባድ የቤተሰብ ጀልባን ቀጥ አድርገው ይይዛሉ፣ ወደብ ላይ ማቆምም ያቀላሉ። ፍጥነት ሲጨምር ግን ውሃ ውስጥ የሚጎተተው ብረት ይበዛል። ያንተ ዓይነቷ ጀልባ በአንድ ፕሮፔለር ነው የምትሮጠው።

አሁን ወደ 28ቱ ልምጣ። ቪዲዮውን አቁሜ ዳሽቦርዱን አየሁት። የዙር መቁጠሪያው 4,900 ላይ ነው፣ ጂፒኤሱ 66 ማይል ይላል። የተገጠመልህ ፕሮፔለር ባለ አራት ክንፉ 24 ፒች ነው፤ በአንድ ዙር በወረቀት 24 ኢንች የሚገፋው። ይህ ሞተር ነዳጁ እስከ ጥግ ሲሰጠው በደቂቃ ከ4,600 እስከ 5,000 መዞር አለበት። ዞሯል። በቃ፣ ልክህ ነው! ፕሮፔለር ማለት አንድ ማርሽ ብቻ ያለው መኪና ነው፤ ማርሹ ከከበደ ቀይረህ አታመልጥም።

ስሌቱን ራስህ ሥራው፣ በሒሳብ ከእኔ ትሻል ነበር። ዙሩን በፒቹ አባዛ፣ ከዚያ ለማርሹ ሬሾ፣ ቀጥሎ ለ1,056 አካፍል። 4,900 በ24፣ ለ1.50 ለ1,056፤ 74 ማይል ይወጣል። አንተ 66 ሄደሃል፤ ውሃ ላይ የጠፋብህ 11 በመቶ ገደማ ነው። ለእንዲህ ያለች ጀልባ ደህና ነው። 28ቱን ብትገጥም በወረቀት፣ በ5,000 ዙር፣ 88 ይልሃል። ሰውየው ያየው ይቺን ነው። ግን አንድ ኢንች ፒች ሲጨመር ሞተሩ ከ150 እስከ 200 ዙር ይወርዳል። አራት ኢንች ስትጨምር 4,200 አካባቢ ትቀራለህ። 4,200 በ28 ስታሰላው ያው 74 ነው! ያው! ልዩነቱ ሞተርህ እየታነቀ፣ እየጋለ፣ ጀልባዋም ለመነሳት እያቃሰተች መሆኑ ነው። ለዚህ ነው ገንዘብህን የምትሰጠው?

ባለ ሦስት ክንፍ ላድርግ ብለኸኝ ነበር። ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ማይል ልታገኝ ትችላለህ። ባለ አራት ክንፉ ግን ጀልባዋን ቶሎ ከውሃ ያነሳታል፣ በማዕበልና በመታጠፊያ ላይም አይለቅም። ልጆችህ ከኋላ ተቀምጠው ስትታጠፍ ምኑን ነው የምትፈልገው? አንተው መልስልኝ።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ድራይቩን ከፍ አድርግ ያለህ ነው። እርግጥ ከፍ ሲል ግጭቱ ይቀንሳል፣ ፍጥነት ይገኛል። ግን የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባው በታችኛው ድራይቭ ጎን ባሉት ቀዳዳዎች ነው። እነሱ አየር ከሳቡ ሞተሩ ይቃጠላል። ደግሞ ከ80 ማይል አካባቢ ወዲያ የተለመደው የብራቮ ቅርጽ ውሃውን መያዝ ያቅተዋል፤ ፕሮፔለሩ በድንገት ይለቃል፣ የኋላዋ ይሸሻል። ለዚያ ፍጥነት ስፖርት ማስተር የሚባለው ድራይቭ አለ፣ አፍንጫው ሹል፣ ውሃ የሚስበውም ዝቅ ብሎ ከፊት። ከእሱ ጋር ደግሞ ከውጭ የሚገጠም የሃይድሮሊክ መሪ ያስፈልጋል። ነጠላ ፕሮፔለር መሪውን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ በዚያ ፍጥነት በእጅ ጉልበት ብቻ አይተማመኑም። ያ ሁሉ ወጪ ለዘጠና ማይል፣ ያውም በ425 ፈረስ የማይገኝ!

የሞተሩን ጉልበት ልጨምር እንዳትለኝ፤ ሸክሙን የሚሸከመው ማርሹ ነው። የሞተሩ ጉልበት በክሮቼራው አልፎ ላይኛው ማርሽ ጋ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ታች ደግሞ እንደገና ወደ ኋላ። ሁለት ጊዜ በ90 ዲግሪ። ጂም ዊን ይህን ዓይነት ድራይቭ አስቦት ቮልቮ ፔንታ በ1959 ኒው ዮርክ ላይ ሲያሳየውም ነገሩ ይኸው ነበር፤ የዛሬው ጉልበት ግን አልነበረም። የማርሹን ጥርሶች ይበልጥ የሚሰብራቸው አወራረድ ነው። ማዕበል ጀልባዋን ሲያነሳት ፕሮፔለሩ አየር ላይ በባዶ ይሽከረከራል፤ ነዳጁን ሳትቀንስ ስትወርድ ውሃው ባንዴ ይይዘዋል። ያን ምት የሚቀበለው ማርሹ ነው። ሚኪዬ፣ ከመውረድህ በፊት እጅህን ሳብ አድርግ። ይህን ብቻ ብታስታውስ ይበቃኛል።

ላኒየርን ደግሞ አትመነው። ቢዩፎርድ ግድብ በ1950ዎቹ ያስተኛው ውሃ ነው፤ ድርቅ ሲሆን ይጎድላል፣ ከሥሩ ኮረብታና ግንድ አለ። እስቴንለሱ ፕሮፔለር እንደ አሉሚኒየሙ ቶሎ አይታጠፍም፤ ሲመታ ምቱን ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል።

ቅዳሜ ጀልባዋን ከውሃ ስታወጣት ፕሮፔለሩን አውልቀው። ዘንጉ ላይ የዓሣ መንጠቆ ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ እይ፤ ዘይት መያዣውን ጎማ እሱ ነው የሚቆርጠው። ከዚያ የድራይቩን ዘይት ትንሽ አፍስስና በጣትህ አሸው። ነጥቶ ከወጣ ውሃ ገብቷል። ሻካራ የብረት ስባሪ ካለበት ማርሹ መበላት ጀምሯል፤ አታስነሳት፣ ደውልልኝ። ከድራይቩ ጀርባ ያለውን የሚተጣጠፍ ጎማም በእጅህ ዘርግተህ ስንጥቅ ፈልግ። እሱ ከተቀደደ ጀልባዋ ወደብ ላይ እንደታሰረች ትሰጥማለች።

ቀዩዋን የሞተር ማጥፊያ ገመድ እግርህ ላይ እሰራት። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ የሚያስገድደው ከ26 ጫማ በታች የሆኑትን ነው፤ ያንተን አይነካም። እኔ ግን እነካሃለሁ።

ፍጥነት ካማረህ፣ ይህንኑ ፕሮፔለር ክንፉን ለሚያስተካክል ባለሙያ ስጠው፣ ከጀልባዋም የማያስፈልግህን ዕቃ አውርድ፣ ትሪሙን፣ የድራይቩን ማዘንበያ፣ ቀስ እያልክ ልመድ። ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ድራይቩ ላይ የተለጠፈችውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ሬሾው 1.50 መሆኑን በዓይኔ ሳላይ ለማንም ብር እንዳትሰጥ። ለፋሲካ እመጣለሁ። መፍቻዎቼን ይዤ እመጣለሁ፣ አንተ ዶሮውን አስብበት።

ወንድምህ