የጣልኋት ቃል

ተርጓሚ ቃል ይጨምራል፣ ቃልም ይቀንሳል እየተባለ ይታማል። እኔ ሐሜቱ የሚገባኝ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ «አዲንዳን» የምትል ቃል ጥያለሁ።

ከዓመታት በፊት፣ ጋቦዴ በሚገኘው ቤቴ ተቀምጬ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ስለተቆፈሩ የውኃ ጉድጓዶች የሚናገር አሮጌ ዘገባ ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ እመልስ ነበር። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንጻር ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ሰፍረዋል፤ ከሠንጠረዡ ግርጌ «አዲንዳን» ተብሏል። የመንደር ስም መሰለኝ፤ ከጉድጓዶቹ ጋር ዝምድና ስላላገኘሁላትም ተውኋት። ቁጥሮቹን ግን አንድ በአንድ አመሳከርሁ።

ወደ ስፍራው የተጓዙት ሰዎች ቁጥሮቹን በጂፒኤስ መሣሪያቸው አስገቡ። መሣሪያው ባደረሳቸው ቦታ ከድንጋይ በቀር ምንም አልነበረም። የያዙት ውኃ እያለቀ፣ በጠራራ ፀሐይ ሲባዝኑ ዋሉ። በመጨረሻ አንድ አረጋዊ አርብቶ አደር ጉድጓዱን አሳያቸው፤ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ርቆ ነበር።

ሲመለሱ ዋናውን ዘገባ ጠየቁኝ። አንድ ቀያሽ ግርጌውን አይቶ ነገሩን አስረዳኝ። አዲንዳን በእርግጥም መንደር ነበረች፤ በኑቢያ፣ በአቡ ሲምበል አጠገብ የነበረች፣ የአስዋን ታላቅ ግድብ ውኃ የዋጣት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የዓባይ ተፋሰስ ቅየሳ በዚያ ነጥብ ላይ ስለተመሠረተ፣ የኢትዮጵያ ካርታዎች ለረጅም ዘመን የቆጠሩት ከዚያ መነሻ ነው። ቀያሾች ይህን መነሻ ዳተም ይሉታል። ጅቡቲም የራሷ አላት፤ ስሙ ከአያበሌ የመርከብ መብራት ማማ የተወሰደ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ የምድርን መካከል መነሻ ያደርጋል። መሬቱ ሳይነቃነቅ ቁጥሩ የሚለያየው ስለዚህ ነው።

ዳተሙ አንድ ቢሆን እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ክቧን ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ለመዘርጋት ዓለም ባለስድስት ዲግሪ ቀጠናዎች ተከፋፍላለች፤ እያንዳንዱም ከራሱ መነሻ ይቆጥራል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በባቡር የሚጓዝ ሰው፣ ድሬዳዋን ጥቂት እንዳለፈ፣ በ42ኛው ዲግሪ ላይ ከ37ኛው ቀጠና ወደ 38ኛው ይሻገራል። ያን ጊዜ ወደ ምሥራቅ የሚያድገው ቁጥር ከ829 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 171 ይወርዳል፤ ተሳፋሪው ግን ምንም አይሰማውም።

ቁጥር በየቋንቋው አንድ ነው፣ ተርጓሚ አያሻውም እል ነበር። ለካ ቁጥርም አገር አለው፤ ከወዴት እንደተቆጠረ ካልተነገረ መንገደኛን ያስታል። ሰዎቹ በሰላም በመመለሳቸው ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ያልገባኝን ቃል አልጥልም፤ እንዳለ አኖረዋለሁ፤ ከዚያም የሚያውቅ ሰው ፈልጌ እጠይቃለሁ።